ለዕረፍት ስንሄድ የስኩባ ድርጅትና ዳይቭ እንዴት እንምረጥ?

ሰማያዊ ውሃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ለስድስት ቀን ሞቃት ባሕር ያለበት ደሴት ልንሄድ ነው። ሁለታችንም የመጀመሪያ ደረጃ መታወቂያ አለን፣ እስከ 18 ሜትር የሚፈቅደው። እያንዳንዳችን 11 ዳይቭ አድርገናል፤ ከመጨረሻው ግን 14 ወር አልፎታል። ቦታው ላይ ሰባት ስምንት ድርጅት አለ፣ የሁሉም ድረ ገጽ ያንኑ ኤሊና ያንኑ ሻርክ ነው የሚያሳየው። ገንዘብ ሳንከፍል ምን ብለን እንጠይቅ? ስንደርስስ በዓይናችን ምን እንይ? ደግሞ አንደኛው ድርጅት በሁለተኛው ቀን 35 ሜትር ላይ ወዳለ የሰጠመ መርከብ እንወስዳችኋለን ብሎናል። «ጋይዱ አብሯችሁ ስላለ ችግር የለውም» ይላሉ። እውነት ነው?

ቢጫ ፊን

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ያንን ድርጅት ከዝርዝርሽ አውጪው። የእናንተ ወሰን 18 ሜትር ነው፤ የሁለተኛው ደረጃ፣ አድቫንስድ የሚባለው፣ 30 ሜትር ነው፤ የመዝናኛ ዳይቪንግ የመጨረሻ ወሰን ደግሞ 40። ጋይድ አብሮ መኖሩ ይህን አይቀይረውም። 30 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ናይትሮጅን ጭንቅላትን ማደንዘዝ ይጀምራል፤ ሰው ጌጁን (የአየርና የጥልቀት መለኪያውን) እያየ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባው የሚቀረው እዚያ ነው። የመድን ጉዳይም አለ። ከመታወቂያችሁ ወሰን በታች ወርዳችሁ ጉዳት ቢደርስባችሁ ላይከፈላችሁ ይችላል፣ ውሉን አንብቡት።

ጥሩ ድርጅት ዋጋ ከመንገሩ በፊት ይጠይቃችኋል፦ ስንት ዳይቭ አድርጋችኋል? የመጨረሻው መቼ ነበር? እስከ ስንት ሜትር ወርዳችኋል? «14 ወር ሆኖናል» ስትሉት ማደሻ ልምምድ ያቀርብላችኋል፤ ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ውሃ ውስጥ ማስክ ማጽዳት፣ ከአፍ የወጣ ሬጉሌተር (አየር የሚሳብበት ዕቃ) መልሶ መያዝ፣ ከጓደኛ አየር መጋራት። ይህን ሊያስከፍላችሁ ሲል ገንዘብ ፈልጎ ነው ብላችሁ አትከፉ።

በደብዳቤ የሚጠየቁትን እነሆ። አንድ ጋይድ ስንት ሰው ይዞ ይገባል? እንደ እናንተ ላሉት እስከ አራት ቢሆን ደስ ይለኛል። ቡድኑ የሚከፋፈለው በልምድ ነው ወይስ በመጡበት ቅደም ተከተል? የአንድ ሰው አየር ቀድሞ ካለቀ ሁሉም ይወጣል፣ ወይስ ሁለት ሁለቱ ለብቻ ይወጣሉ፣ ወይስ ያ ሰው ብቻውን ይላካል? የመጨረሻውን መልስ የሰጠ ድርጅት አይሆናችሁም። ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ እያሉ ጀልባው ላይ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ይቀራል ወይ?

ኦክስጅንን በቁጥር ጠይቁ። «አለን» ብቻውን መልስ አይደለም፣ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ኦክስጅን ባሕር ላይ ለታመመ ሰው አይደርስም። ባለ 5 ሊትር ጠርሙስ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ቢሞላ 1000 ሊትር ይይዛል፤ በደቂቃ 15 ሊትር ሲሰጥ 66 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጀልባው ወደብ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈለገ 1350 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ ያውም ለአንድ በሽተኛ። ቀጥላችሁ በአቅራቢያው ያለው የዲኮምፕሬሽን ቻምበር (በመጥለቅ የታመመ ሰው በግፊት የሚታከምበት ክፍል) የት እንደሆነና በሽተኛ በምን እንደሚጓጓዝ ጠይቁ። በየቀኑ የሚሠራ ሰው ይህን ለመመለስ ማሰብ አያስፈልገውም።

የጤና ቅጹን ደግሞ ከአሁኑ አስልካችሁ አንብቡት። አስም፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ካሉ የሐኪም ፊርማ ይጠየቃል። ይህ ደሴቱ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጀልባው ሊነሳ ሲል ከታወቀ ቀኑ ባከነ። ከዚያ የባሰው ግን «ሁሉንም አይደለም በል» እያለ ቅጹን የሚያስሞላ ሠራተኛ ነው።

የኮራል ወዳጅ

ቢጫ ፊን የጻፈው ላይ በዓይን የሚታየውን ልጨምር። ስትደርሱ ከመመዝገባችሁ በፊት በጓሮ በኩል ዞር በሉ።

መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ፣ ሲሊንደር የሚሞላው ማሽን። አየር የሚስብበት ቱቦ ጫፉ የት ነው? ከራሱ ሞተር ጭስ ማውጫ፣ ከጄኔሬተር ወይም መኪና ከሚቆምበት ቦታ አጠገብ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዘይት የሚለሰልስ ኮምፕሬሰር ከመጠን በላይ ሲግልም ራሱ ሊያመነጨው ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ላይ ላይ ያልተሰማ መጠን 30 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን አራት እጥፍ ይበረታል። ፊልተሩ መቼ እንደተቀየረ የሚመዘገብበት ደብተር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከሲሊንደሩ ትንሽ አየር ልቀቁና አሽትቱ፤ ዘይት ዘይት ወይም ጭስ ጭስ ካለ አትጠቀሙበት። ባይሸትም ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው በእጅ የሚያዝ መለኪያ ያለው ድርጅት ብልጫ የሚኖረው። ከአንድ ጀልባ የወጡ ሦስት አራት ሰዎች ራስ ምታት ካሉ ደግሞ መጀመሪያ አየሩን ጠርጥሩ።

ሲሊንደሩ አንገት ላይ የግፊት ምርመራ የተደረገበት ወርና ዓመት ተመትቷል። በብዙ አገር በየአምስት ዓመቱ ነው የሚደገመው። የውስጥ ምርመራው ተለጣፊ ወረቀትም አለው።

አሁን ዋናው። ዕቃችሁን ከገጠማችሁ በኋላ፣ ቫልቩ ገና ሳይከፈት ከሬጉሌተሩ አየር ለመሳብ ሞክሩ፤ ምንም መምጣት የለበትም። ከመጣ ጎማው ተቀዷል ወይም የሆነ ቦታ ያስገባል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ውሃ ይገባል። ከዚያ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ክፈቱና ጌጁን ዓይናችሁ ፊት ይዛችሁ አራት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። መርፌው 200 ላይ ጸጥ ብሎ መቆም አለበት። ስትስቡ ወደ ታች ወደቅ፣ ስትተዉ ወደ 200 መለስ ካለ ቫልቩ የተከፈተው በጥቂቱ ነው። ጀልባው ላይ የበቃው አየር 20 ሜትር ላይ አይበቃም፤ እዚያ እያንዳንዱ ትንፋሽ ሦስት እጥፍ አየር ይጠይቃልና። መርፌው ወርዶ ካልተመለሰ ጭራሽ ተዘግቷል፣ የተነፈሳችሁት ቱቦው ውስጥ የቀረውን ነው። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልትዘሉ ስትሉ ከኋላ ሆኖ «ልየው» ብሎ ቫልቩን ከሚነካ የጀልባ ልጅ ነው፦ ክፍት የነበረውን ዘግቶ፣ «ሩብ ዙር መመለስ» የምትለዋን የድሮ ልማድ ተከትሎ ሩብ ዙር ይከፍተዋል። ከተነካ አራቱን ትንፋሽ ድገሙ፣ ማንም ቢቸኩል።

ቱቦዎቹን ብረቱን በሚነኩበት ቦታ ላይ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የአየር ጃኬቱን ንፉትና አምስት ደቂቃ ተዉት። የመንፊያው ቁልፍ በጨው ተይዞ ተጭኖ የሚቀር ከሆነ ሳትፈልጉ ወደ ላይ ያስወነጭፋችኋል፤ ሌላ ጃኬት ጠይቁ። ለእያንዳንዳችሁ ጥልቀትና ጊዜ የሚከታተል የየራሳችሁ የዳይቭ ኮምፒውተር ይሰጣችሁ፤ ጋይዱ ከእናንተ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ከዋኘ የእሱ ኮምፒውተር የእናንተን ጥልቀት አያውቅም።

ጸጥታ

ስለ ዳይቭ ምርጫው እኔ ልናገር፣ ዝነኛ ስም እየተከተሉ የሚመርጡ ብዙ ስለሆኑ። ምርጫው ከአየራችሁ ይነሳ።

የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር ነው። ከ200 ባር ጀምራችሁ 50 ባር ይዛችሁ ብትወጡ 1665 ሊትር ትጠቀማላችሁ። ጀማሪ ሰው ላይ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይፈጃል እንበል። 12 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.2 ባር ስለሆነ 44 ሊትር ይሆናል፣ 38 ደቂቃ ያቆያል። 18 ሜትር ላይ 30 ደቂቃ ያህል፣ 30 ሜትር ላይ 21፣ 40 ሜትር ላይ 17 ገደማ፤ መውረጃና መውጫውም በዚሁ ውስጥ ነው። ቀለም ደግሞ ከላይ ነው ያለው፣ ቀይ ከጥቂት ሜትር በኋላ ይጠፋል፤ ኮራሉም ዓሣውም ብርሃን ባለበት ይበዛል። ስለዚህ ከ8 እስከ 16 ሜትር ያለ ጥሩ ሪፍ ለእናንተ ከየትኛውም ጥልቅ ቦታ ይበልጣል። ቤሊዝ ያለው ታላቁ ሰማያዊ ጉድጓድ ከላይ ሲታይ ያስደንቃል፣ የሚጎበኙት ከጣሪያ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ዘንጎች ግን 40 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ደቂቃዎች ቆይተው ይወጣሉ፣ ዓሣም ብዙ የለም።

የሰጠመ መርከብ ማየት ካማራችሁ ሁሉም ጥልቅ አይደለም። ባሊ፣ ቱላምቤን ያለችው ሊበርቲ እ.ኤ.አ. በ1942 በቶርፔዶ ተመታ ባሕር ዳር ቀርታ ነበር፤ በ1963 የአጉንግ እሳተ ገሞራ ወደ ባሕር ገፋት። አሁን ከ5 ሜትር ገደማ ጀምራ እስከ 30 ሜትር ተኝታለች፣ ከባሕር ዳርቻው በእግር ይገባባታል። በምትሄዱበትም እንዲህ ያለ ካለ ጠይቁ፤ ከውጭ እያያችሁ ዙሩ እንጂ ውስጥ አትግቡ።

የራሳችሁን ፍጆታ በመጀመሪያው ቀን ለኩ። ለምሳሌ በአማካይ 12 ሜትር ላይ 40 ደቂቃ ቆይታችሁ ከ190 ወደ 70 ባር ከወረዳችሁ 120 ባር ተጠቅማችኋል፦ 120 ሲባዛ በ11.1፣ ለ40 ሲካፈል፣ ለ2.2 ሲካፈል 15 ሊትር ይመጣል። ይህን ቁጥር ለጋይዱ ስትነግሩት የሚወስዳችሁ ቦታ ይለያል።

የውሃ ፍሰት ያለበት ዳይቭ ለጀማሪ ክልክል አይደለም፤ በዝግታ የሚወስድ ከሆነ እንደውም ያሳርፋል። የማልዲቭስ መተላለፊያዎችና የኮሞዶ ጠባብ ወሽመጦች ግን ሌላ ነገር ናቸው። «ወዴት ይፈሳል? የሚረግበው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከተለያየን ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አንድ ደቂቃ ፈልጉ፣ ካጣችሁ ውጡ፣ ቦያችሁን ንፉ» ዓይነት መሆን አለበት። ቦያው (ውሃ ላይ የሚቆም የሚነፋ ምልክት) ለጋይዱ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም አንድ ይኑራችሁ፤ ከማዕበል መሐል ጭንቅላት አይታይም፣ ብርቱካናማ ቱቦ ይታያል።

ሰማያዊ ውሃ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ 35 ሜትሩን ሰርዘናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። የወደድነው ድርጅት አንድ ጋይድ ስድስት ሰው ይዞ ይገባል አለን፣ እንተወው? ደግሞ በስድስተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በረራ አለን፤ በአምስተኛው ቀን ሁለት ዳይቭ ማድረግ እንችላለን?

ቢጫ ፊን

በረራው፦ ለተደጋገሙ ዳይቮች የተለመደው ምክር ቢያንስ 18 ሰዓት ነው፣ ለአንድ ብቻ 12። ከስምንት ሰዓት ወደ ኋላ 18 ሰዓት ስትቆጥሩ በአምስተኛው ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። የጠዋቱን ሁለት ዳይቭ አድርጋችሁ እኩለ ቀን ላይ ብትወጡ ከ24 ሰዓት በላይ ይኖራችኋል፣ እንዲያ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ግን በመኪና ተራራ መውጣት ወይም በሄሊኮፕተር መዞር የለም፤ እሱም ከፍታ ነው።

ስለ ስድስቱ ሰው፣ አራትን ብመርጥም ተዉት አልልም።

የኮራል ወዳጅ

እዚህ ላይ ከቢጫ ፊን ትንሽ እለያለሁ፤ አራትም ሆኑ ስድስት ቁጥሩ ብቻውን አይነግራችሁም። ጥርት ባለ ውሃ፣ ፍሰት በሌለበት፣ ተመሳሳይ ልምድ ያላቸው ስድስት ሰዎች ይያዛሉ። በደበዘዘ ውሃ አራትም ይበዛሉ። የምታዩት ጋይዱ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚዞር ነው። ከመግባት በፊት ምልክቶችን፣ ከፍተኛውን ጥልቀት፣ በስንት ባር እንደምትመለሱ ይነግራችኋል ወይ? በመሐል «ስንት ባር?» ብሎ ይጠይቃል ወይ? ሲወጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፍ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ያቆማችኋል ወይ? ኮራል ቢይዝ፣ ኤሊ ቢያባርር፣ ጀልባው መልሕቁን ኮራል ላይ ቢጥል በዚያው ቸልተኝነት እናንተንም ይይዛችኋል።

ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ስም እየተጠራ፣ እያንዳንዱ ሰው ራሱ «አቤት» ሲል ይመዝገብ። ጭንቅላት ቆጥሮ መሄድ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 አውስትራሊያ፣ ታላቁ ኮራል ሪፍ ላይ ሁለት ጠላቂዎች በአሳሳች ቆጠራ ባሕር ውስጥ ተትተው ቀሩ፤ አለመመለሳቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ዕቃቸው ጀልባው ላይ ሲገኝ ነው። አልተገኙም። ስለዚህ ስም ሳይጠሩ ሞተር ካስነሱ «ቆጥራችኋል?» ለማለት አትፈሩ።

ጸጥታ

አንድ ነገር፦ አሥር ዳይቭ በአንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ይቀንስላችኋል ይሏችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ክፈሉ። ያ ዳይቭ እነሱ እናንተን የሚያዩበት ነው፣ እናንተም እነሱን። ጥቅሉን ማታ ብትገዙ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ቀን ያስቡላችኋል፣ ይህንንም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ጆሮ እምቢ ሲል ወይም ጉንፋን ሲይዛችሁ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም እንዲሁ። የተከፈለበት ስለሆነ ብለው አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ወስደው የሚገቡ አሉ፤ ኃይሉ ውሃ ውስጥ ሲያልቅ አየሩ ጆሮ ውስጥ ታሽጎ ሲወጡ ነው ሕመሙ የሚጀምረው፣ ሲሊንደሩ ደግሞ እየጎደለ ነው።