የአፓርታማ ማስታወቂያ ላይ ሳሎኑ ለምን አዳራሽ ይመስላል? ከምስሉ ላይ ልኩን ማወቅስ ይቻላል?

ከሩቅ ገዢ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ በፎቶና በቪዲዮ ለሚመርጡ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው። ብሮሹሩ ላይ ያለው ፕላን ሳሎኑን 3.60 በ4.00 ይለዋል። ከጎኑ የተለጠፈው ምስል ግን ባለ ኤል ቅርጽ ሶፋ፣ ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ፣ ከዚያም አልፎ ልጆች የሚሯሯጡበት ባዶ ወለል ያሳያል። ቁጥሩን እያወቅኩም ዓይኔ የሚያምነው ምስሉን ነው።

ለእህታችሁ ሦስት ነገር አስረዱኝ። ዓይን ቁጥሩን እያወቀ ለምን ይሸወዳል? ሜትር ይዞ የሚሄድ ሰው በሌለበት ከምስሉ ላይ ልኩን ማውጣት ይቻላል ወይ? እንዲህ ያለ ምስል በሕግስ ውሸት ይባላል?

---

ባለ ካሜራ

የመጀመሪያውን ልሞክር። ስልክ ላይ 0.5 የምትለዋ ሌንስ በብዙዎቹ ስልኮች በግምት 13 ሚሊ ሜትር ናት፤ ዋናዋ 1× ደግሞ ከ24 እስከ 26 (ሚሊ ሜትሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል፤ ሁሉንም በ35 ሚሜ ፊልም ሚዛን ነው የምናገረው)። ቤት የሚያነሱ ባለሙያዎች ከ16 እስከ 24 መካከል ይሠራሉ።

ማንኛውም ፎቶ ጥልቀቱ ልክ ሆኖ የሚታይበት አንድ የመመልከቻ ርቀት አለው። እሱም የሌንሱ ሚሊ ሜትር ምስሉ ባደገበት መጠን ሲባዛ ነው። በዚያ ፊልም ላይ የአንዱ ምስል ወርድ 36 ሚሜ ነው። አግድም የተያዘ ስልክ ስክሪኑ 14.4 ሴሜ ቢሆን ምስሉ 4 ጊዜ አድጓል። 13 ሲባዛ በ4፣ 52 ሚሜ። ስለዚህ በ0.5 የተነሳውን ክፍል እንደ እውነቱ ለማየት ስልኩን ከዓይን 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሁሉም ይደበዝዛል። ሰው ስልኩን የሚይዘው 30 ሴሜ ገደማ ርቆ ነው፤ በሒሳቡ ጥልቀቱ ወደ 6 እጥፍ ይለጠጣል ማለት ነው። አእምሯችን ስክሪኑ ጠፍጣፋ መሆኑንም አብሮ ስለሚያይ ስድስቱንም እጥፍ አይውጥም፤ ከፊሉን ግን ይውጣል። በ1× የተነሳው በዚያው ስሌት 3 እጥፍ ነው፣ በ50 ሚሜ የተነሳው 1.5።

ቁጥሩን ማወቅ የማይረዳው ለምንድን ነው ለሚለው፣ አሜሪካዊው አደልበርት አሜስ የሠራውን ክፍል ማስታወስ ይበቃል። በአንዲት ቀዳዳ ሲያዩት ተራ ባለ አራት ማዕዘን ክፍል ነው። እውነቱ ግን የኋላው ግድግዳ በሰያፍ የሄደ ሲሆን አንዱ ጥግ ከሌላው ብዙ ይርቃል። ሁለት እኩያ ሰዎች በሁለቱ ጥጎች ሲቆሙ አንዱ ግዙፍ ሌላው ድንክ ይሆናል። ምስጢሩ አስቀድሞ የተነገረው ሰውም ያንኑ ግዙፍና ድንክ ነው የሚያየው። ዕውቀት ዓይንን አያርምም፤ ስለዚህ ራስሽን አትውቀሺ።

በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ የሚያጋልጠው በምስሉ ዳር ያለ ድቡልቡል ነገር ነው፦ የአምፖል ሉል፣ ኳስ፣ ሐብሐብ። ጫፉ ላይ ያለውን ድቡልቡል ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ ለኪ። ወርዱ የቁመቱ 1.7 እጥፍ ከሆነ 13 ሚሜ ነው፣ 1.2 ከሆነ 26፣ 50 ሚሜ ላይ 1.06 ብቻ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። አንዳንድ አፖች ዳሩን መልሰው ስለሚያጠቡት ይህ ምልክት ባይታይም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ለፎቶ አንሺዎች ጥብቅና ልቁም። 4 ሜትር በሚረዝም ክፍል ውስጥ ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ በ50 ሚሜ ብታነሳ ከፊት ለፊትህ ግድግዳ የሚገባልህ 2.7 ሜትር ያህል ነው፤ 3.60ውም አይሞላም። መታጠቢያ ቤትማ ጭራሽ አይታሰብም። ሰፊ ሌንስ መጠቀም በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበሩ የሚመጣው ሶፋውን ሩቅ ግድግዳ ሥር አስጠግቶ፣ ከፊት ባዶ ወለል ትቶ ሲነሳ ነው። ሰፊ ሌንስ የቅርቡን ያገዝፋል፣ የሩቁን ያሳንሳል፤ ያቺ ባዶ ሁለት ሜትር ሜዳ ትመስላለች።

---

ሬንደር ቤት

ባለ ካሜራ ያለው ሁሉ ለፎቶ ልክ ነው። የብሮሹሩ ምስል ግን ፎቶ አይደለም፣ ሬንደር (በኮምፒውተር የተሠራ ምስል) ነው፤ ሕንፃው ገና ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ላይ እያለ ነው የተሠራው። እዚያ ሌንሱ ዋናው ነገር አይደለም። የክፍሉን መልክ የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው፣ ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ምን ያህሉ ተቆርጦ እንደሚገባ ብቻ ነው። በሬንደር ደግሞ ካሜራ የትም ይቆማል። የኋላውን ግድግዳ ሶፍትዌሩ ውስጥ ትሰውረዋለህ፣ ካሜራውን ሁለት ሜትር ወደ ውጭ ታወጣለህ፣ ሌንሱን 28 ወይም 35 ታደርገዋለህ። ዳሩ ላይ ያለው አምፖል ብዙም አይለጠጥም፣ ሁሉም ነገር ተፈጥሯዊ ይመስላል። ሰው ግን በሕይወቱ ከዚያ ቦታ ቆሞ ያንን ክፍል ሊያይ አይችልም።

ሌላው ዕቃውን ማሳነስ ነው። ሶፋውን፣ አልጋውን፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ወደ 85 በመቶ ማውረድ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። ይህንን የሚያጋልጠው የበር እጀታ ነው፣ ምክንያቱም በሩ ከፕላኑ ስለሚመጣ አብሮ አይቀነስም። እጀታ ከወለል 1 ሜትር ገደማ፣ የሶፋ መቀመጫ ከ43 እስከ 45 ሴሜ ነው። ከበሩ ጋር እኩል ርቀት ላይ ያለ ሶፋ ፈልጊና መቀመጫው ከእጀታው ከፍታ ምን ያህሉ ላይ እንደሚደርስ ለኪ። ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ወደ ሲሶው ከወረደ ሶፋው የአሻንጉሊት ነው። የአልጋውም እንደዚሁ፦ 1 ሜትር ከ80 ተብሎ የቀረበው አልጋ 85 በመቶ ሲደረግ 1.53 ይሆናል። ያኔ ግራና ቀኝ ኮሞዲኖ የሚገባው በምስሉ ላይ ብቻ ነው፤ እውነተኛው 1.80 ሲገባ የቁም ሳጥኑ በር አይከፈትም።

ፀሐይዋንም እዩ። ብርሃን እስከ ጥግ ሲገባ ክፍል ይሰፋል፣ ስለዚህ ሁሉም ሬንደር ላይ ፀሐይ አለች። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዝቅ የምትለው ታኅሣሥ ነው፣ ያኔም 57 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። የመስኮቱ አናት ከወለል 2.20 ከሆነ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በእኩለ ቀን የሚያስገባው ብርሃን 1.40 ሜትር ገብቶ ያበቃል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ በዚያ መስኮት ምንም አትገባም። ብርሃን 4 ሜትር ወለል አቋርጦ እስከ ማዶ ግድግዳ እንዲደርስ ፀሐይ ከ29 ዲግሪ በታች መሆን አለባት፤ ይኸውም ወደ ምሥራቅ በሚያይ መስኮት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ መስኮት ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት። ያውም ፊት ለፊት ሌላ ፎቅ ከሌለ። ፕላኑ ላይ የሰሜን ቀስት ካለ አስተያዩት፤ የኛ ሙያ ሰዎች ፀሐይን የምናስገባው ምስሉን በሚያሳምረው በኩል እንጂ በምትወጣበት በኩል አይደለም።

---

ብሎኬት ቆጣሪ

እህቴ፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ከምስል ላይ «ሰፊ ነው፣ ጠባብ ነው» የሚለውን ስሜት ጣይው። ቁጠሪ። ሌንስ ሴራሚክን ሊያረዝም ይችላል፣ አምስቱን ሰባት ሊያደርግ ግን አይችልም።

ወርዱ ቀላል ነው። ማዶ ያለው ግድግዳ ሁለቱም ጥጎቹ የሚታዩበትን ምስል ምረጪና ከግርጌው ያለውን የሴራሚክ መስመር ቁጠሪ። ባለ 60 ሴራሚክ ስድስት ሙሉና ጥግ ላይ የተቆረጠ ሩብ ከሆነ 3.75 ሜትር ነው። ሰው የሚሳሳተው የሴራሚኩን መጠን በግምት ሲወስድ ነው፤ ባለ 40 የሆነውን 60 ብለሽ ከቆጠርሽ ክፍሉን አንድ ተኩል እጥፍ አድርገሽዋል። በበሩ አረጋግጪ፦ 90 ሴሜ በር ሥር ባለ 60 ከሆነ አንድ ተኩል፣ ባለ 40 ከሆነ ሁለት ሙሉና ሩብ ይገባል። ሬንደር ላይ ይህም አይታመንም፣ የወለሉ ምስል በፈለጉት መጠን ይለጠፋልና፤ በበሩ ሳታረጋግጪ አትቁጠሪ።

ርዝመቱ ላይ ወጥመድ አለ። ካሜራው ከእግሩ ሥር ያለውን ወለል አያይም። 1.40 ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ የተያዘ 13 ሚሜ ሌንስ ወለሉን ማየት የሚጀምረው ከ1.5 ሜትር በኋላ ነው፣ 26 ሚሜ ከሆነ ከ3 ሜትር በኋላ። ስለዚህ በሚታየው ሴራሚክ ብቻ ርዝመት አይወጣም።

ግን የበለጠ የሚጠቅም ነገር ይወጣል፣ ካሜራው ከማዶው ግድግዳ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ። የማዶው ግድግዳ ግርጌ በምስሉ ላይ ቀጥ ያለ አግድም መስመር የሆነበትን ምስል ውሰጂ። ግድግዳው ሥር ያለች አንዲት ሴራሚክ ስክሪኑ ላይ ምን ያህል ትሰፋለች? 2 ሴሜ እንበል። አሁን ወደ ካሜራው አምስት ሴራሚክ ቁጠሪ፣ ማለትም 3 ሜትር፣ የዚያችኛዋንም ወርድ ለኪ። 4 ሴሜ ከሆነች ሁለት እጥፍ ነች። ሁለት እጥፍ መስፋት ማለት በግማሽ ርቀት ላይ መሆን ማለት ስለሆነ ቀሪው መንገድም 3 ሜትር ነው፤ ካሜራው ከግድግዳው 6 ሜትር ላይ ቆሟል። ለሌላ ቁጥር፦ የተቆጠረውን ሜትር በእጥፉ አባዢና ከእጥፉ ላይ አንድ ተቀንሶ በሚቀረው አካፍዪ። ሌንሱ ምንም ይሁን ምን ይሠራል። ካሜራው ወደ ታች አዘንብሎ ከሆነ ትንሽ ይዛባል፤ የበሮቹ ጠርዝ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አይተሽ ጀምሪ።

ፕላኑንም እንዳለ አትመኚው። በብዙ ፕላን ላይ ያለው 4.00 ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነው። ባለ 20 ብሎኬት ከሆነ ከየጎኑ 10 ሴሜ ይወጣል፣ 3.80 ይቀራል። ልስንና ጅብሰም ከየጎኑ ሁለት ሴሜ ቢሆን 3.76፣ ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ሰቅ) ሲመታ ሶፋ የሚገባበት 3.74 ነው። ሕንፃው ገና ያልተለሰነ ከሆነ ቪዲዮው ላይ ብሎኬት ቁጠሪ፤ አንዱ 40 ሴሜ ይረዝማል፣ 20 ሴሜ ይቆማል፣ በመሐሉ አንድ ሴሜ ያህል ሙርታ አለ።

ቪዲዮ የሚቀርጽልሽ ዘመድ ካለ በ1× ይቅረጽ፣ ከበሩ ሥር ይነሳ፣ አንድ ኤ4 ወረቀት (29.7 በ21 ሴሜ) ማዶው ግድግዳ ላይ በአግድም ይለጥፍ። ወረቀቱ በግድግዳው ወርድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ስክሪንሽ ላይ ለክተሽ በ29.7 አባዢ። ስክሪንሾቱ ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ብትሳሳቺ እንኳ ውጤቱ ከመቶ አሥር ገደማ ይዛባል፤ ስለዚህ በትልቅ ስክሪን ለኪው።

---

ውልና ማስረጃ

ሦስተኛው አጭር ነው። በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያ ክልክል ነው። ችግሩ ከብሮሹሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ምስሉ ለማሳያ ብቻ የቀረበ ነው» የምትለዋ መስመር ናት፤ ክርክሩ እሷ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ኮልጌት ፓልሞሊቭ የመላጫ ክሬሙ የብርጭቆ ወረቀት እንኳ እንደሚላጭ በቴሌቪዥን አሳየ። ካሜራው ፊት የነበረው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ፕሌክሲግላስ ነበር፤ እውነተኛውን የብርጭቆ ወረቀት ለመላጨት 80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ያስፈልግ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የወሰነው፣ ማስረጃ ተብሎ የቀረበ ትርኢት አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ካልተነገረ ማታለል ነው ብሎ ነው። ሬንደር ግን ራሱን ማስረጃ ነኝ ስለማይል እዚያም ቢሆን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም።

ስለዚህ በምስሉ አትከራከሪ። ፕላኑ ከውሉ ጋር ተያይዞ በሁለቱም ወገን ይፈረምበት፣ የእያንዳንዱ ክፍል ልክ «ከልስን እስከ ልስን» ተብሎ ይጻፍ፣ የጋራ ኮሪደርና ደረጃ በካሬ ሜትሩ ውስጥ መቆጠር አለመቆጠሩ ለብቻው ይገለጽ፣ ምን ያህል ሴሜ ቢጎድል ስንት ብር እንደሚቀነስም ይካተት።

---

ከሩቅ ገዢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩ ላይ አረጋገጥኩ፣ ሴራሚኩ ባለ 60 ነው። አራት ቆጠርኩ፣ 2.40 ሜትር። የቅርቧ ከሩቋ 1.8 እጥፍ ትሰፋለች። 2.40 ሲባዛ በ1.8፣ ሲካፈል ለ0.8፣ 5.40 ሜትር መጣልኝ። ክፍሉ 4 ሜትር ነው። ተሳስቼ ይሆን?

---

ብሎኬት ቆጣሪ

አልተሳሳትሽም። ፕላኑ ላይ ከሳሎኑ ጀርባ ምን አለ?

---

ከሩቅ ገዢ

የጎረቤት መኝታ ቤት።