ላፕቶፔን ከድሮኗ ጋር ሳገናኝ የቤቱ ኔትወርክ ይጠፋብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ነው። ወንድሜ ሳሎናችን ውስጥ የዋይፋይ ካሜራ ካስገጠመ ወዲህ፣ እናታችን ጎረቤቶቿን ቡና ስትጠራ ማን እንደሚያያቸው ባለማወቋ እጅግ ስለምትጨነቅ፣ 80 ግራም ገደማ የምትመዝን ድሮን ካሜራው ምስል መላክ ሲጀምር ተነሥታ ከፊቱ እንድታንዣብብና እንድታስጠነቅቃት የሚያደርግ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፍኩ ነው። እናቴ በገዛ ቤቷ እንድትሳቀቅ አልፈልግም።

የተቸገርኩት ላፕቶፔ ከድሮኗ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ከቤቱ ራውተር ስለሚለያይ፣ ካሜራው መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ባለመቻሌ ነው፤ ድሮኗም ትእዛዝ ለ15 ሰከንድ ከተቋረጠባት ራሷ ታርፋለች። ሁለተኛ የዋይፋይ መቀበያ በዩኤስቢ ብሰካ፣ አንዱን ለድሮኗ ሌላውን ለራውተሩ መለየት እችላለሁን? ካሜራው የሚልከው ዳታ የተመሰጠረ በመሆኑ የማየው መጠኑን ብቻ ነው፤ የመጠኑ ድንገተኛ መጨመር በቂ ምልክት ይሆናልን? የሞከራችሁ ካላችሁ አሠራሩን ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።