ጎንደር ማራኪ ሰፈር ልገዛው ያሰብኩት ቤት ተከራዮች አሉበት፣ ምን ላድርግ?

የጎንደር ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። ማራኪ ሰፈር ግቢ ልገዛ ነው። ጓሮው ላይ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ይኖራሉ። ለሻጩ የወራት ኪራይ ቀድመው ከፍለዋል፤ ደረሰኝ ግን የላቸውም። ሻጩ «አስወጥቼ አስረክብሃለሁ» ይላል። እኔ ምጣዳቸውን ተሸክመው በክረምት እንዲወጡ በፍጹም አልፈልግም።

አዘዞ፦ ወንድሜ፣ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሻጩ በሌለበት አነጋግራቸው። ስንት ይከፍላሉ? እስከ መቼ ከፍለዋል? ውል አላቸው? የሁለቱ ቃል ካልገጠመ እዚያው ይጣራ። ቀድሞ የተከፈለው ከቤቱ ዋጋ ላይ ይቀነስልህ፤ ሽያጭ ውሉ ላይም ይጻፍ።

እትዬ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ንም እይ፣ ልጄ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይብለጥ ይላል። የክልል ከተሞችን የሚመለከተው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ መጀመሪያ ከተማ አስተዳደሩን ጠይቅ።

ቀበሌ 18፦ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነ በርክክቡ ቀን ንባቡን ፎቶ አንሳ። ውዝፍ እንዳይከተልህ።

የጎንደር ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ አናግራቸዋለሁ።