በቤተሰብ የተደጋገመ የደም ካንሰርና የመቅኔ ልገሳ

ጥያቄ፦
አባቴ ከዓመታት በፊት በአጣዳፊ ሉኪሚያ፣ ማለትም በፍጥነት በሚባባስ የደም ካንሰር፣ አርፈዋል። አሁን ታላቅ ወንድሜ በዚያው በሽታ ታሞ የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንደሚያስፈልገው የተነገረን ሲሆን፣ ለጋሽ ለመሆን የታሰብሁትም እኔ ነኝ። ፈቃደኛ ነኝ፤ ነገር ግን በሽታው በዘር የሚመጣ ከሆነ የእኔ መቅኔ ይበጀዋልን?

የመጀመሪያ መልስ፦
ለወንድምዎ ምሕረትን እመኛለሁ። አብዛኛው የደም ካንሰር ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን፣ በሰውየው ዕድሜ ውስጥ በመቅኔ ሴል ላይ ከሚደርስ የዘረ መል ለውጥ የሚነሣ ነው። ይሁንና በአንዳንድ ቤተሰቦች ራንክስ1፣ ጋታ2 ወይም ዲዲኤክስ41 በሚባሉት ዘረ መሎች ላይ ያለ ለውጥ ከልደት ጀምሮ በሰውነት ሴሎች ሁሉ ይገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቶቹ በሽታዎች በደም ካንሰር ምደባው ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷቸዋል። ከወላጆች አንዱ ለውጡን ከተሸከመ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የወረሰ ሁሉ ግን አይታመምም።

ሁለተኛ መልስ፦
ጥያቄዎ ከንቅለ ተከላው በፊት መልስ ማግኘት አለበት። ለጋሹ ያንኑ ለውጥ ከተሸከመ፣ የተተከለው መቅኔ በሚገባ ላያገግም ወይም ከለጋሹ ሴሎች ዳግመኛ ሉኪሚያ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚመረመረው ወንድምዎ ነው፤ ያውም ከደሙ ሳይሆን ከቆዳው ተወስዶ በቤተ ሙከራ ከሚራባ ሴል ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ደሙ በካንሰር ሴሎች የተሞላ በመሆኑ የተወረሰውን ለውጥ በሽታው ካመጣው ለመለየት ያስቸግራል። ምራቅም ቢሆን ነጭ የደም ሴል ስላለበት ከዚህ ችግር አያመልጥም። በእርሱ ላይ የተወረሰ ለውጥ ከተገኘ፣ እርስዎ የሚመረመሩት ለዚያ ለውጥ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የደም ቆጠራዬ ሁልጊዜ ጤናማ ነው፤ ይህ ብቻውን አይበቃምን?

ሁለተኛው መልስ ሰጪ፦
አይበቃም። የራንክስ1 ለውጥ ያለባቸው ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፕሌትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ያነሰ ስለሚሆን ሊጠረጠሩ ይችላሉ፤ የዲዲኤክስ41 ተሸካሚ ግን በአብዛኛው እስከ ጎልማሳነቱ መጨረሻ ድረስ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው በዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛ መልስ፦
ለሌሎች አንባቢዎች ያህል፦ ቀስ እያለ የሚያድገው የሊምፎሳይት (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ሉኪሚያም በቤተሰብ ይደጋገማል። በዚያ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዘረ መል ብቻውን ተጠያቂ ስላልሆነና የብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ድምር ስለሚሠራ፣ ጤነኛ ዘመድን በዘረ መል መመርመር የተለመደ አይደለም። የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ነው፤ የልገሳው ቀን ሳይቆረጥ የወንድምዎን ሐኪም የአባትዎንም ሕመም ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ።