«ዳኛ ዳኛ ነበር» እያላችሁ አታድርቁን! የጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጥ ዘመን የቱ ነው?

ነገረ ፈጅ፦ ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ «የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወርቃማው ዘመን የጃንሆይ ነው፣ ያኔ ዳኛ ዳኛ ነበር» ሲሉ ሰምቼ እስካሁን አልበረደልኝም። የምር? ዙፋን ችሎት የሚባል ነገር ነበረ እኮ! ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ጨረስኩ ሲል የተረታው ሰውዬ ጃንሆይ ፊት ወድቆ አቤት ይላል፣ ነገሩ እንደገና ይነሳል። በላይህ ሌላ ችሎት ካለ ምኑን ጠቅላይ ሆንከው?

የድሮ ሰው፦ ቀስ በል ልጄ። የወንጀለኛ መቅጫው 1949፣ የፍትሐ ብሔሩ 1952፣ የሥነ ሥርዓቱ 1958። ዛሬ ችሎት ቆመህ የምትጠቅሰው አንቀጽ ግማሹ የዛ ዘመን ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆም ነበር። አዎ ዳኛ ዳኛ ነበር፣ ደግሜ እለዋለሁ።

ጥቁር ካባ፦ ጋሼ ሕግ ማውጣትና መዳኘት መቼ አንድ ሆነ? የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ ነው፣ ወንጀሉን ዣን ግራቨን፣ ክብሩን ለዳኞቹ የሚያሸክሙት ለምንድነው? ደሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አለቃ ማዕረግ ምን ነበር? አፈ ንጉሥ! የንጉሥ አፍ! አፉ ዳኛ ከሆነ ጭንቅላቱ ማን ነበር በሉኝ

የድሮ ሰው፦ ሰሙን ይዘህ ወርቁን ጣልከው። ማዕረግ ነው እንጂ አፉ የራሱ ነው።

ጥቁር ካባ፦ እሺ ወርቁን ያሳዩኝ። ጃንሆይን የረታ አንድ መዝገብ ይጥሩልኝ።

ቤዛ፦ እናንተ ተጨቃጨቁ፣ ለኔ ምርጡ ከ1997 ወዲህ ያለው የሰበር ችሎት ዘመን ነው፣ የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት ካለ የሚያርመው ችሎት። አዋጅ 454 ወጥቶ አምስትና ከዛ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም ከፌዴራል እስከ ክልል በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ሆነ። በቅጽ በቅጽ ታትሞም ይወጣል፣ ተማሪ ሆነን ያን ተሸክመን ነው ያደግነው። ከዛ በፊት እኮ አንዱ ችሎት የወሰነውን ጎረቤቱ ችሎት አያውቀውም ነበር

ነገረ ፈጅ፦ ቤዚ አስገዳጅ መሆኑ ጥሩ፣ ግን ያስገደደውንም እይ። የፍትሐ ብሔሩን አንቀጽ 1723 አስታውሺ። የቤት ሽያጭ ውል ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ፊት ካልተደረገ አይጸናም ሲል ስንት ሰው ብሩን ከፍሎ ቤቱ ገብቶ እየኖረ የቤት ዋጋ ሲወደድ ሻጩ መጥቶ ውሉ ፎርም አያሟላም ብሎ አስወጣው። በኋላ ሻጩ ውሉን ካመነ ይጸናል ብለው አለሳለሱት፣ የተፈናቀለው ግን ተፈናቀለ። ቆይ ደሞ የክልል ሰበር የጨረሰውን የፌዴራሉ ሰበር እንደገና ማየቱስ? ይሄው ሌላ ዙፋን ችሎት!

ቤዛ፦ 1723 ላይ የተጻፈው እንደዛ ነው፣ ዳኛ ሕግ አይፈጥርም። በቃል ተዋውለህ ስትከስር ሰበርን አትውቀስ

ነገረ ፈጅ፦ በቃል አላልኩም፣ በወረቀት ነው። አንብቢ እንጂ።

ሰበር ዜና፦ ቤዛ 1997 ስትል ሳቄ መጣ። ያኔ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ከማል በድሪ የምርጫ ቦርዱም ሰብሳቢ ነበሩ እኮ። ፍርድ ቤትም ዳኛ ምርጫም ዳኛ። «ዳኛ ዳኛ ነበር» ማለት እሱ ነው፣ ሁለት ጊዜ 😂

ጥቁር ካባ፦ 😂😂 ጋሼ ይሄን እንኳ ይመኑ

ሮማን፦ ዳኛ ካላችሁማ ብርቱካን ሚደቅሳ ናት። 1993 ላይ በሙስና የታሰረውን የቀድሞ መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ይፈታ አለች፣ ሰውየው ከፍርድ ቤት እንደወጣ መልሰው አሰሩት፣ ፓርላማው ደሞ በሙስና ዋስትና የሚከለክል ሕግ አወጣ። ለአንዲት ዳኛ ሲባል አዋጅ!

የድሮ ሰው፦ እሷ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበረች። እኛ የምናወራው ስለ ጠቅላይ ነው።

ሮማን፦ እሱን ነው እኮ የምልህ ጋሼ! ከታች ያለችው ስትደፍር የላይኛው የት ነበር?

ሰበር ዜና፦ ደርግን ማንም አልጠራም? 😏

ቤዛ፦ ህዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ሰው ያለ ፍርድ ሲረሸን ለፍርድ ቤት ማን ወረቀት ላከለት። እሱን ዘመን ተወው። ጠቅላዩ ራሱ ነው ግንቦት 2000 ላይ የመንግሥቱ ኃይለማርያምን ዕድሜ ልክ በይግባኝ ወደ ሞት ያሻሻለው

ነገረ ፈጅ፦ ሐራሬ ቁጭ ባለ ሰው ላይ ሞት መፍረድማ ድፍረት አይጠይቅም

ሮማን፦ እኔ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበረችበትን ጊዜ ነው የምመርጠው። ከ2018 እስከ 2023

የድሮ ሰው፦ 2023 ገና አልደረሰም፣ በማን አቆጣጠር ነው?

ሮማን፦ ኧረ በፈረንጅ! ከጥቅምት 2011 እስከ ጥር 2015፣ ደስ አለህ? የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት። 1233ና 1234 ሁለቱም አዋጆች በሷ ጊዜ ናቸው የወጡት፣ የዳኝነት አስተዳደሩም የፍርድ ቤቶቹም

ጥቁር ካባ፦ አዋጁ ጥሩ ነው። ፍርድ ቤት ፍቱ ሲል ፖሊስ አልፈታም ያለበትም ጊዜ ግን እሱ ነው፣ በሷ ማመካኘቴ አይደለም። የኔ ነጥብ ሌላ ነው፣ የትኛውንም ዘመን ብትመርጡ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤቱ አይደለም፣ አንቀጽ 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል። 2012 ምርጫው ሲራዘም አላያችሁም? መዓዛ ለምክር ቤቱ የሕገ መንግሥት ጥያቄ የሚያጣራው የአጣሪ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆና ባለሙያዎቹን በቲቪ አከራከረች፣ ደስ ይል ነበር፣ ከዛስ? የውሳኔ ሐሳብ ጽፈው ላኩ፣ የወሰነው ምክር ቤቱ ነው። ድሮ በላዩ ዙፋን ነበር፣ አሁን ወንበሩ በዛ

ቤዛ፦ አጣሪ ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ያለውን ጉዳይ ራሱ ውድቅ ያደርጋል እኮ፣ እንዲህ ቀላል አታድርገው

ጥቁር ካባ፦ ውድቅ ካደረገም ይግባኙ ለማን ነው?

ቤዛ፦ ...ለፌዴሬሽን ምክር ቤት 🙄

ጥቁር ካባ፦ አመሰግናለሁ።

የድሮ ሰው፦ እና ጃንሆይን ምን አድርጉ ነው የምትሉት? ቢያንስ እሳቸው ችሎት ቆመው ሁለቱንም ወገን ይሰሙ ነበር።

ነገረ ፈጅ፦ ጋሼ «ይሰሙ ነበር» እና «ዳኛ ዳኛ ነበር» ይለያያል! ዳኛው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ያልኩት ይሄንን ነው እኮ

ሙሌ፦ ርዕሱን አይቼ ስለ ኳስ ዳኛ መስሎኝ ገብቼ 40 ደቂቃዬን በላችሁት

የድሮ ሰው፦ ኳስም ላይ ቢሆን ድሮ ዳኛ ዳኛ ነበር።