የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ አንሲሪያላይዝ ያልተፈቀደለትን ክላስ አያስነሳ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ አንሲሪያላይዝ (በጽሑፍ መልክ የተቀመጠን ዳታ ወደ ቀድሞ ይዘቱ የሚመልሰው ፈንክሽን) የተፈቀዱ ክላሶች፣ ማለትም የኦብጀክት ንድፎች፣ ዝርዝር ካልተሰጠው፣ ጽሑፉ ውስጥ ስሙን ያገኘውን ክላስ ሁሉ ኦብጀክት አድርጎ ያስነሳል። ዝርዝር መስጠት የተቻለው ከፒኤችፒ 7.0 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ ነው። ዲፎልቱ (ምንም ካልተነገረው የሚከተለው) ግን አሁንም «ሁሉም ይግባ» ነው። ይገልበጥ እንበል።

የኮር አባል፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ አጻጻፉን ግን አልፈርምበትም። «የደህንነት ቀዳዳውን ይደፍናል» ይላል፤ አይደፍንም። ማኑዋሉ ራሱ ዝርዝር ሰጣችሁም አልሰጣችሁም የማታምኑትን ጽሑፍ አታስነሱ ይላል። ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

አስተባባሪ፦ ይውጣ። በምን እንተካው?

ሞካሪ፦ በምሳሌ። ጊዜያዊ ፋይል የሚይዝ ክላስ አለን እንበል፤ ዲስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲሞት የሚጠራው ሜተድ) በመጨረሻ ፋይሉን ያጠፋል። ነውር የለውም። አጥቂው የፋይሉን አድራሻ በኮንፊገሬሽናችን አድራሻ ተክቶ ይልክልናል። ሲነሳ ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክት አዲስ ሲፈጠር የሚጠራው) አይጠራም፣ እዚያ ያኖርነው ፍተሻ ሁሉ ከንቱ ነው። ኦብጀክቱን ማንም ሳይነካው ይሞታል፤ ሲሞት ፋይላችንን ይዞ ይሄዳል።

የኮር አባል፦ ይኼ ይግባ፣ እንዳለ።

የላይብረሪ አባል፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዛሬ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ክላስ ሲመጣ ፈንክሽኑ ዝም ብሎ ጎዶሎ ኦብጀክት ይመልሳል። የሚፈነዳው ራቅ ብሎ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ሜተድ ሲጠራ ነው። አንዴ ከካሽ (ከጊዜያዊ ማከማቻ) የወጣ እንዲህ ያለ ጎዶሎ ግማሽ ቀኔን በልቶታል። ዲፎልቱ ከተገለበጠ እዚያው መስመር ላይ ኤክሰፕሽን ይወርውር፣ ስህተቱን ጮክ ብሎ ይናገር።

የኮር አባል፦ ልክ ብለሃል። ዝርዝር ራሳቸው የሰጡትን ግን አንንካ፣ ጎዶሎውን አውቀው የሚጠቀሙበት አሉ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ በኤክሰፕሽን ፈንታ ማስጠንቀቂያ እንስጥ፤ እሱም የሚወጣው ዝርዝር ሳይሰጥ ኦብጀክት ሲገኝ ብቻ ይሁን። አሬይና ቁጥር ብቻ የሚያነብ ኮድ ምን በደለ?

ሞካሪ፦ ሴሽንስ፣ የተጠቃሚውን መረጃ ከገጽ ወደ ገጽ የሚይዘው? መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የኮር አባል፦ አይነካም። ሴሽን ይህን ፈንክሽን አይጠራም፣ በውስጥ በኩል በቀጥታ ፓርሰሩን (ጽሑፉን የሚተነትነውን ክፍል) ነው የሚጠቀመው። ይጻፍ ግን። ፒኤችፒ 8.0 የፋር ፋይል (የፒኤችፒ ኮድ ጥቅል) ሜታዳታ በራሱ መነሳቱን እንዳስቀረም ጥቀሱ፤ በዐቢይ ቨርዥን እንዲህ ያለ ለውጥ ተደርጎ ያውቃል።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በሚቀጥለው ዐቢይ ቨርዥን ኤክሰፕሽን። የጎዶሎውን አንቀጽ አንተው ጻፈው፣ ወንድሜ፤ የተቃጠልክበት አንተ ነህ። ቴስቱ ከሞካሪያችን ይምጣ፣ ፋይሉ በትክክል ሲጠፋ የሚያሳይ።