የዕቅድ ውይይት፦ ያረጀው ሞተር ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ሁለተኛ ረቂቅ ደርሷችኋል። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ያረጀ ማሽንን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ለክቶ፣ የተበላውን ሞልቶ ወይም ቀይሮ፣ እንደ አዲስ ዕቃ ዋስትና ሰጥቶ የሚሸጥ ኢንዱስትሪ በአገር ደረጃ ይስፋፋ ነው የምንለው። ጥገና የተበላሸውን ብቻ ነካ አድርጎ ይመልሳል። ይሄ ግን የፋብሪካ ሥራ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ የገዛ ሰው ስለምን እንደምናወራ ይገባዋል።

ረቂቁ ሰባት ዘርፍ ይዟል፦ የግንባታ ማሽን፣ ትራክተርና ኮምባይነር፣ የጭነት መኪና፣ ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሕክምና መሣሪያ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሬክቲፊካ (የሞተር ዕቃ በማሽን የሚያስተካክል ወርክሾፕ) ባለቤት፣ አዳማ፦
ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት። ሰባት ዘርፍ ይዘን ከሄድን ሚኒስቴሩ አመስግኖ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከተን።

ደግሞ ረቂቁ «የባለሙያ እጥረት» ብሎ ይጀምራል። እጥረቱ እሱ አይደለም። አንድ የሲኖ ጭነት መኪና ሹፌር ክራንክሻፍት (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ይዞልኝ መጣ። ሞተሩ ከወረደ ብዙ አልቆየም፣ ግን ይመታል፣ የዘይት ግፊቱም ወርዷል። ሌላ ቦታ ግራይንድ ተደርጓል (ተሞርዷል)፤ በስንት እንደወረደ የሚናገር ወረቀት ግን የለውም። በማይክሮሜትር ለካሁት። ቢየላ ከሚታሰርባቸው ስድስት የዘንጉ አንገቶች አምስቱ 0.50 ሚሊ ሜትር ወርደዋል። አንዱ 0.75 ነው። የገጠመለት ብሮንዚና (አንገቱን የሚያቅፈው ስስ ብረት) ስድስቱም 0.50! አንዱ ላልቶ ነው የሚመታው። እንግዲህ ግራይንድ ያደረገው ልጅ እጁ ጥሩ ነው፣ አንገቱ መስታወት ይመስላል። የጠፋው ለክቶ የሚጽፍ፣ ጽፎም የሚፈርም ሰው ነው። ረቂቁ ከዚህ ይነሳ።

ጡረታ የወጣ የስኳር ፋብሪካ ኢንጂነር፦
ልጄ ልክ ብሏል። እኔ ስኳሩን ከዝርዝሩ አውጡት ባይ ነኝ። ስኳር ፋብሪካ በየክረምቱ አገዳ መፍጨት ያቆምና ወፍጮውን አውርዶ ያድሳል። የሮለሩ የብረት ዘንግ ይቀመጥና የተበላው ቅርፊት ብቻ ይቀየራል፤ ጥርሱ በብየዳ ይሞላል፣ እንደገና ይወጣለታል። ወንጂ ከ1946 ጀምሮ ስኳር ሲያመርት የኖረው እንዲህ እየተደረገ ነው። ድሬዳዋ ያለው የምድር ባቡር ወርክሾፕም እንዲሁ የራሱን ዕቃ ራሱ ሲሠራ ኖሯል። እነዚህ ለራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ ለገበያ አያወጡም። ከነሱ መውሰድ ያለብን ሰዎቹን ነው። ጡረታ ወጥተን ቤት የተቀመጥን ብዙ ነን።

ወረቀቱን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦሌ የአየር መንገዱ ጥገና ማዕከል ሂዱና እዩ። እዚያ የአውሮፕላን ሞተር ተፈትቶ ይታደሳል። ታሪኩ ያልተጻፈ ዕቃ ግን ወደ ሞተሩ አይመለስም።

መለዋወጫ አስመጪ፦
እኔ እንደ ነጋዴ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ሂዱና ደንበኛ ጠይቁ። ከአዲስ ኮፒ ይልቅ ያገለገለ ኦርጅናል የሚመርጠው ይበዛል። ስለዚህ ገበያው አለ፤ ማስተማር አይጠበቅባችሁም። ችግሩ ሱቁ ላይ የተለጠፈው ነው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ያገለገለ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ገዝተህ በሳምንቱ ቢንኳኳ የት ትሄዳለህ? ዋስትና ሳትሰጡ ብትመጡ እናንተም ከዚያው ሱቅ አትለዩም። ዋስትና ከሰጣችሁ ደግሞ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ረቂቁ አይናገርም።

አሜሪካ የሚኖር አባል (የካምቢዮ ማደሻ ሠራተኛ)፦
ሌላም የጎደለ አለ። አሮጌው ዕቃ ከየት ይመጣል? እዚህ ዲናሞ (የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን) ስትገዛ ከዋጋው በላይ መያዣ ትከፍላለህ። አሮጌውን ስትመልስ ገንዘብህን ትቀበላለህ። ቢራ በሣጥን ስንገዛ ባዶ ጠርሙስ አምጣ ወይም መያዣ ክፈል እንደሚባለው ማለት ነው። የማሽን አምራቹ ካተርፒላር ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ያረጀ ሞተር እየሰበሰበ አድሶ ሲሸጥ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። መያዣው ከሌለ አሮጌው ዲናሞ ለቁራሌው ይሸጣል። በኪሎ!

የፖሊቴክኒክ መምህር፦
እዚህ ላይ የቻይናን ነገር ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት 14 የመኪና ዕቃ ድርጅቶችን መርጦ ሙከራ አስጀመረ። የተፈቀደላቸው አምስት ነገር ብቻ ነበር፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ)። በዓመቱ የክብ ኢኮኖሚ ሕግ (ያገለገለ ዕቃ መልሶ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያበረታታ) ሥራ ላይ ዋለ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የወጣ ደንብ ነበር። የተጣለ መኪና ዋና ዋና አካላት ተሰባብረው ወደ ብረት ማቅለጫ ይሂዱ ይላል። የተሰረቀና የተሰባበረ ዕቃ ገጣጥመው መኪና ነው ብለው የሚሸጡ ስለነበሩ ነው የወጣው። ውጤቱ ምን ሆነ? አንዱ የመንግሥት እጅ አድሱ ይላል፣ ሌላው የሚታደሰውን ያቀልጣል። ደንቡ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ወደ እኛ ስመጣ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለበትን ዶዘርና ግሬደር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጨረታ ሲወጣበት የሚገዛው ብረቱን አስልቶ ነው። ሞተሩ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ፣ ካምቢዮው ቢታደስ ለሌላ ማሽን ሕይወት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን የታክስ ቅናሽ አይሁን። የመንግሥት ማሽን በብረት ዋጋ ከመሸጡ በፊት አካላቱ ተለይተው ለማደሻ ድርጅቶች ይቅረቡ እንበል። ለዚህ የመንግሥት በጀት አይጠየቅም፤ እንዲያውም ጨረታው የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ሌላ አባል፦
አንቀጽ 6፣ «መንግሥታዊ ኮርፖሬሽን ይቋቋም» የሚለው ይውጣ። ሜቴክ (የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) በ2002 ሲቋቋም ከትራክተር እስከ ስኳር ፋብሪካ ሁሉንም ያዘ። የሆነውን አገር ያውቀዋል።

ኮምባይነር አከራይ፣ አርሲ፦
ወንድሞቼ፣ የምታወሩት ሁሉ ጥሩ ነው፤ የኔ ጭንቀት ግን ጊዜ ነው። ስንዴው ደርሶ ሞተር ሲመታ ባለሙያ አላጣም። ሞተሩ ወርዶ፣ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ዕቃ ተፈልጎ እስኪመለስ ግን ገበሬው ሌላ ኮምባይነር ይጠራል ወይ ዝናብ ይቀድመዋል። እኔ የምፈልገው ሞተሬን አድሱልኝ አይደለም። የታደሰ ሞተር መደርደሪያ ላይ ይቆየኝ፤ የኔን ጥዬ ያንን ይዤ ልሂድ። ይሄ ከሌለ እንዳላችሁት ፋብሪካ ሳይሆን ትልቅ ጋራዥ ነው የምትከፍቱት።

አስተባባሪ፦
እህታችን የረቂቁን ልብ ነው የነገሩን። እንግዲህ እንዲህ ላስተካክለው። ከሰባቱ ዘርፍ ስድስቱ ይወጣሉ፤ የጭነት መኪና ብቻ በዝርዝሩ ላይ ይቆያል፣ ኮምባይነር ደግሞ ሞተሩና ፖምፓው ስለሚመሳሰል አብሮ ይገባል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አራት ዓይነት ዕቃ ብቻ ይይዛል፦ ሞተሪኖና ዲናሞ (እንደ አንድ)፣ የናፍጣ ፖምፓ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ካምቢዮ። ሙሉ ሞተር ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆይ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ መለያ ቁጥር ይመታበታል፤ የተለካው ሁሉ የሰፈረበት ወረቀት አብሮት ይሄዳል። መመዘኛውን የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት እንዲያወጣ እንጠይቃለን። የእንግሊዞቹ ደረጃ ዋስትናው ቢያንስ ከአዲስ ዕቃ ጋር እኩል ይሁን ይላል፣ እኛም ከዚያ አንወርድም። የመምህሩ የጨረታ ሐሳብ አንቀጽ 1 ይሆናል። አንቀጽ 6 ወጥቷል።

የኪሳራው ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

የሬክቲፊካ ባለቤት፣ አዳማ፦
ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ ትንሽ ተቆርጦ የማኅበሩ የጋራ ሣጥን ውስጥ ይግባ። ዕቃ ሲመለስ ከዚያ ይከፈል። ሁለት ሦስቴ ዕቃ የተመለሰበት አባል ግን የማኅበሩን ማኅተም ይነጠቅ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

መለዋወጫ አስመጪ፦
ይሄ ከሆነ እኔም እሸጣለሁ። ሱቄ አሮጌውንም ይረከባል።

ኮምባይነር አከራይ፣ አርሲ፦
ሙሉ ሞተር ለሁለተኛው ምዕራፍ መባሉ ቅር ብሎኛል፣ ግን ፖምፓው ከመጣ እታገሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋስትናውን በወር አትቁጠሩብኝ። ኮምባይነር ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ለመኸር ነው የሚነሳው። ስድስት ወር ብትሉኝ ግማሹ ሼድ ውስጥ ያልቃል። በሥራ ሰዓት ይሁን፤ ቆጣሪው ማሽኑ ላይ አለ።

አስተባባሪ፦
አንቀጽ 4 ላይ በሥራ ሰዓት ተብሎ ገብቷል። ስንት ሰዓት እንደሚሆን ኢንጂነሩና የአዳማው አባል ለየአራቱ ዕቃ ለይታችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።